በሌላ ሴት ልክ የቆመ መቃን

ቤቱን ሊያፈርሱ ከመጡት ልጆች አንዱ መዶሻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እማማ፣ ፍሬሙን ለብቻው እንንቀለው ወይስ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይውረድ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ግቢው መሀል ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ልጄ ዳዊት «አቧራው ይጎዳሻል፣ ጎረቤት ሄደሽ ተቀመጪ» ያለኝን እንዳልሰማ ሆኜ፣ ቆርቆሮው ሲነሣ አያለሁ። ልጁ ፍሬም ሲል ንድድ አለኝ። ፍሬም የፎቶ ነው አልኩት። የበር ሲሆን ስሙ መቃን ነው። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ መቃን ይባላሉ፤ ከላይ የተጋደመው ጉበን ነው፤ ከታች የምትረግጠው ደፍ ነው፤ የሚከፈተውና የሚዘጋው ሳንቃ ነው። ቤት ልታፈርስ የመጣህ ሰው የምትመታውን ነገር ስሙን እንኳ ሳታውቅ ነው እንዴ የምትመታው አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ፍሬሙን እንዳትነኩት ብለዋል» አላቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲነቀልም እንዲቀርም አልፈለግሁም ነበር። ከዚያ በር ጋር ያለኝ ጣጣ በአንድ ቀን ወሬ የሚያልቅ አይደለም። መቃኑን ጠርቦ ያቆመው ባሌ አበራ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከእንጦጦ ማዶ የመጣ ጥድ ነው፤ ምስጥ ያልደፈረው፣ ዛሬም በመላጊያ አንድ ጊዜ ቢያልፉበት ሽታው ግቢውን የሚሞላ። ጠዋት ልጆቹ ሳንቃውን ከማጠፊያው ሲያላቅቁ እንጨቱ ትንሽ ተፋቀና ያ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን አወደው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው አሮጊት እኔ አልነበርኩም። በነጭ ቬሎ ከትንሿ ሲቼንቶ ታክሲ የምትወርደው ረጅም ልጅ ሆንኩ።

የዛሬ ሰው በር ሲባል የሚታየው ላሜራ ነው። ደወል ይጫናል፣ በካሜራ ይታያል፣ ይከፈትለታል፣ ይገባል። በእኛ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሚውል ሳንቃ ሥራ የሚይዘው ከመሸ በኋላ ነበር። ቀን ሥራው ሁሉ የመቃን ነው። ጎረቤት የሚያንኳኳው መቃኑን ነው። ለወሬ የመጣች ሴት «አልቀመጥም፣ ቸኩያለሁ» ትልና ትከሻዋን መቃኑ ላይ አስደግፋ ምሳ እስኪደርስ ትቆማለች። አባወራው ከጠጅ ቤት ሲመለስ እሱን ጨብጦ ትንሽ ሳያርፍ አይገባም። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶቹ ያመጡት እንግጫ እሱ ላይ ይሰካል፤ ለሆሳዕና የዘንባባው መስቀል እሱ ላይ ይታሰራል። ቁልፍ የሚሰቀለው፣ ጃንጥላ የሚንጠለጠለው፣ ኮት የሚጣለው እሱ ላይ በተመታ ሚስማር ነው። ለቅዳሴ የረፈደበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚስመው መቃኑን ነው። ጴንጤ ጎረቤቶቻችን እንኳ፣ በሌላ በሌላው ባንስማማ፣ በግብፅ ምድር የበጉ ደም የተቀባው መቃንና ጉበን ላይ መሆኑን ከእኛ እኩል ያውቁ ነበር። አማቴ ይህን ሲያነሡ፣ መልአከ ሞት እንኳ ሳንቃ ሳይሆን መቃን አይቶ ነው ያለፈው ይሉ ነበር።

በሰፈራችን አናጢዎች ዘንድ ደግሞ አንድ ልማድ ነበር። ጭቃ ቤት ሲሠራ ከሁሉ በፊት የሚቆመው መቃን ነው። ባሕር ዛፉ ሳይተከል፣ ማገሩ ሳይመታ፣ ባዶ ሜዳ ላይ በር ብቻውን ይቆማል። ያን ጊዜ የቤቱ እመቤት ትጠራለች። መሀል ትገባና ሁለቱን መቃን በሁለት እጇ ትይዛለች። አናጢው ቱንቢውን ጥሎ ቀጥ ማለቱን ሲያይ፣ ሌላው ሥሩን በድንጋይ ሲጠቀጥቅ እሷ አትንቀሳቀስም። ጉበኑም የሚጋደመው ከእሷ አናት አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው። ለምን በወንዱ አይለካም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወንድ የትም ነው የሚውለው፣ በበሩ ሲወጣ ሲገባ የሚውለው የሴቲቱ ራስ ነው ይባላል። እውነት ነው። እከሊት መቃን ያዘች ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ቤቱ የእሷ ነው። ሽማግሌ ገና ያልተላከባት ልጅ እንኳ መቃን ይዛ ከታየች ሰፈሩ እንደ ታጨች ይቆጥራታል።

እኔ የመጣሁት ከአዲሱ ገበያ በኩል ነው። አባቴ ረጅም፣ እናቴ ረጅም፤ በላይነሽ ብለው ስም ሲያወጡልኝም ሳያስቡበት አይመስለኝም። በትምህርት ቤት ሰልፍ መጨረሻ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። በሠርጌ ቀን ጸጉሬን በጊዜው ፋሽን ወደ ላይ አስቆልዬ፣ በአበባ የተሠራ አክሊል ደፍቼበት፣ ታኮ ጫማ ተጫምቼ ነበር። ከሲቼንቶዋ ታጥፌ ስወርድ ሚዜዎቹ «ሙሽራዋን ቁጭ አድርገው ነው ወይስ አስተኝተው ያመጧት?» ብለው ሳቁብኝ። አበራ ታፋው ላይ ጥብቅ፣ ከታች እንደ ቀሚስ የሰፋ ሱሪ፣ ጫፉ ትከሻው የሚደርስ ኮሌታ አድርጎ አጠገቤ ይሄዳል። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ሴቶቹ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ያጅቡናል። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። በሩ ጋ ስንደርስ ቬሎዬን እንዳልረግጥ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ አንድ እግሬን ከደፉ አሻገርኩ። አክሊሌ ጉበኑን መታና ወደ ኋላ ሸሸ። ቀጥሎ ግንባሬ መታው። ከበሮው ጸጥ አለ። አማቴ ፈጠን ብለው «ለባሏ ቤት ራሷን ዝቅ አድርጋ ትግባ፣ መልካም ምልክት ነው» አሉና ሰዉን አሳቁት። እኔም ሳቅሁ። ከኋላዬ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ግን ለሌላዋ፣ «ምን ታድርግ፣ በሩ እኮ የተለካው በአስቴር ነው» ስትል ጆሮዬ ገባ። የአስቴርን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ በገዛ ሠርጌ፣ አንድ እግሬ ከቤት ውስጥ፣ አንድ እግሬ ከውጭ ሆኖ።

ሰፈር ምስጢር አይጠብቅም፤ በዓመቱ ሁሉንም አወቅሁ። አስቴር የታችኛው መንደር ልጅ ናት። አባቷ እንጨት መጋዘን ይሠራ ስለነበር ጥዱን መርጦ ያስመጣው እሱ ነው። አበራ ቤቱን ሲጀምር ሊያገባት ነበር፤ መቃኑን የያዘችውም እሷ ናት። መሀል ላይ ቤተሰቦቿ በሙሉ ጴንጤ ሆኑ። አማቴ ልጄ ከአባቱ ሃይማኖት አይወጣም አሉ፤ የእሷም አባት ልጄ ከጉባኤዋ አትወጣም አለ። ሁለት ግትር ወላጆች ሁለቱን ልጆች እንደ ገመድ ሲጓተቷቸው ከረሙና ግድግዳው በተመረገበት ሰሞን ነገሩ ፈረሰ። እሷ ቀረች፤ በሯ ግን አልቀረም። እኔ የገባሁት በዚያ በር ነው።

ቀናሁ። ይሄን መናገር አያሳፍረኝም፤ የሚያሳፍረኝ አልቀናሁም ብል ነበር። ሌላዋ ሴት በአሮጌ ፎቶ ትቀናለች፤ ፎቶ ይቀደዳል። በደብዳቤ ትቀናለች፤ ደብዳቤ ይቃጠላል። እኔ የቀናሁት በቤቴ በር ነው። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጎንበስ፣ ባልዲዬን ይዤ ስመለስ ጎንበስ፣ ልጅ ሲያለቅስ ስሮጥ ጎንበስ። ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ሰው፤ ከእኔ ራስ በላይ የነበረው የአስቴር ቁመት ነው። በቤቴ ደስ ብሎኝ፣ በልጄ ስቄ፣ እሷን ረስቼ የዋልኩ ቀን ግንባሬ ያስታውሰኛል። ከቅንድቤ በላይ ያለችው ጠባሳ ዳዊትን ያረገዝኩ ጊዜ የተረፈችኝ ናት። ታኮ ጫማማ ከሠርጌ ወዲህ በእግሬ አልዞረም። ጓደኞቼ በየበዓሉ ቋቋ እያሉ ሲሄዱ እኔ በሸራ ጫማ ከኋላ እከተላለሁ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ያመኛል እላለሁ። ያመኝ የነበረው እግሬን አልነበረም።

አበራ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ዝምተኛ ነበር፤ እርሳሱን ከጆሮው ኋላ ሰክቶ፣ ጸጉሩ ላይ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ ይዞ የሚገባ፣ ከአፉ ቃል ለማውጣት ሚስማር መንቀያ የሚያስፈልግ ሰው። ጉበኑን ከፍ አድርግልኝ ብዬ በመጀመሪያ ለመንኩት፣ ቀጥሎ አኮረፍኩት። ጉበን ሲነካ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ክረምቱ ይውጣ ይለኛል። ክረምቱ ይወጣል፤ ፋሲካ ይለፍ ይላል። ፋሲካ ያልፋል፤ ሥራ በዝቶብኛል ይላል። በርግጥ ሥራ በዝቶበታል፤ ጳውሎስ አካባቢ ለሚከፈተው ሻይ ቤትና መድኃኒት ቤት ሁሉ ሰፋፊ በር ሲሠራ ይውላል፣ የጎረቤቱን ጉበን ሲያነሣ ይውላል። የእኔ ብቻ ነው የማይነካው። አንድ ቀን ግንባሬን መትቼ ደሙ በአፍንጫዬ ሲወርድ አየኝ። ወጣና ቁራጭ የበግ አጎዛ ይዞ ተመለሰ። ጸጉሩን ወደ ታች አድርጎ፣ ልክ ራሴ የሚነካበት ቦታ ላይ ጉበኑ ላይ ቸነከረው። «አሁን አያምሽም» አለኝ። የእሷን ልክ ከሚያጠፋ የእኔን ራስ በአጎዛ ማባበል ቀለለው ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን እራት አልሠራሁም፤ እሱም ለምን አላለኝም።

አስቴርን በዓይኔ ያየኋት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ። ዳቦ አሥር ሳንቲም የነበረበት፣ ግን አሥር ሳንቲሙን ይዞ ከንጋት ጀምሮ መሰለፍ የመጣበት ጊዜ ነበር። ከፊቴ የቆመችው ጎረቤቴ በክርኗ ጎሰም አድርጋ «ያቻትልሽ» አለችኝ። ቢጫ ሹራብ፣ እጥፍ እጥፍ ያለ ጉርድ ቀሚስ፣ ታኮ ጫማ። አጭር ናት። እኔ አጭር ሴት ስትባል ድንክ ነገር ነበር በሐሳቤ የሣልኩት፤ እሷ ግን ቁጥብ ብላ የተሠራች፣ አንዲት የምትተርፍ አካል የሌላት ሴት ናት። ዳቦዋን ተቀብላ በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝና፣ ማን መሆኔን አውቃ፣ በትሕትና እጅ ነሣች። እኔም እጅ ነሣሁ። ሸጎሌ ለሚኖር አስተማሪ መዳሯን ያን ዕለት ሰማሁ። ደግ ባል ነው፣ ይወዳታል ሲሉኝ ይሄም አስቀናኝ። የሚወዳት ባል ካላት የእኔን በር ለምን አትተውልኝም አልኩ፤ እሷ ግን ምን ያዘችብኝ? ቅናት እንዲህ ነው፤ ቢጠይቁት መልስ የለውም፣ ቢያባርሩት አይሄድም።

የሚገርመው ግን መጎንበሱ ከቤቴ አልፎ መከተሉ ነው። ሆስፒታል ሄጄ፣ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን በሚያልፍበት በር፣ ጎንበስ ብዬ እገባለሁ። ባንክ ቤት፣ የፎቅ ሊፍት፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ የት ቀረኝ። በተለይ ቤተ ክርስቲያን ስገባ የነፍስ አባቴ ለወጣቶቹ በጣታቸው እያሳዩ «ወይዘሮ በላይነሽን ተመልከቱ፣ ትሕትና ማለት ይህ ነው» ይሉ ነበር። አባቴ፣ ትሕትና አይደለም፣ አስቴር ናት ብዬ እንዴት ልንገራቸው። በቅናት ጎብጬ ለጽድቅ ተቆጠረልኝ።

አበራ ያረፈ ጊዜ በሰልስቱ መጣች። ድንኳን ተጥሏል፣ እኔ ቤት ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጫለሁ። እንደ ሌላው ሰው ገብታ አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ቆመችና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀኝ እጇን በቀኙ፣ ግራ እጇን በግራው መቃን ላይ አሳረፈች። ሌላው ሰው ደክሟት የተደገፈች መስሎት ይሆናል። እኔ ግን እንዴት ይዛው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እንደዚያ ነበር የያዘችው፤ አበራ ቱንቢውን ጥሎ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ሳለ። እንባዬ ደረቀ። ባሌ የሞተብኝ እኔ ሆኜ፣ ለቅሶው የእኔ ሆኖ፣ ከገዛ በሬ ላይ ሐዘኔን ነጥቃኝ የሄደች መሰለኝ።

እንግዲህ ያ ልጅ ፍሬሙን እንዳትነኩት ካለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በግቢው በር ጃንጥላ ብቅ አለ። ከጃንጥላው ሥር አስቴር ነበረች። ለካ ዳዊት በሳምንቱ መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒቴን ሊገዛልኝ ጳውሎስ ወርዶ መድኃኒት ቤት ውስጥ አግኝቷት፣ በአባቱ ለቅሶ ስለሚያውቃት ሰላም ብሏት፣ ቤታችንን አፍርሰን ፎቅ ልንሠራ ነው ብሎ በደስታ ነግሯታል። እሱ ምን ያውቃል። ከሸጎሌ በሚኒባስ መጥታ ዳገቱን በእግሯ ወጥታዋለች። ዳዊት ሮጦ በርጩማ አመጣላት። ጸጉሯ ጥጥ መስሏል፣ ጉልበቷ ያማታል፤ ስትቀመጥ ግን አሁንም ያው ቁጥብ ያለች ናት። አቧራ እንኳ አያርፍባትም እንዴ ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን፣ ስለ ሲሚንቶ መወደድ አወራን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ በሩ ዞረን አየን። ጣሪያው ተነሥቶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ፀሐይ ገብቷል፤ መቃኑ ብርሃን መሀል ብቻውን እንደ ቆመ ነው፣ ልክ ያኔ ከግድግዳው በፊት ቆሞ እንደነበረው።

«ልጄ ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል እየሠራልኝ ነው» አለችኝ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። «በሩ ገና አልቆመም። የማትፈልጊው ከሆነ መቃኑን ብትሰጪኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ታየኝ። በአበራ እጅ በተጠረበ መቃን፣ በገዛ ልኳ፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ እስክትሞት ስትወጣ ስትገባ ታየኝ። እኔ የሠርጌን ቀን አክሊል ያስጣለኝ በር እሷን በእርጅናዋ ሊቀበላት ነው። ዳዊት ከጎን ሆኖ «እማዬ፣ ስጫት እንጂ፣ ለእኛ ማገዶ ነው» አለ። ማገዶ ይሁን፣ አመድ ይሁን፣ እሷ ዘንድ ብቻ አይሂድ አልኩ በልቤ። በአፌ ግን፣ አስቴር፣ ዕድሜዬን ሙሉ በእሱ ሥር የጎነበስኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ በምን ሒሳብ ነው የምትጠይቂኝ አልኳት። ዳዊት ደንግጦ አየኝ። እሷ አልደነገጠችም። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ልትዳስሰው መስሎኝ ነበር፣ ግን እጇን ሰብስባ ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ጉበኑ ላይ ያለው አጎዛ መሀሉ በእኔ ራስ ተበልቶ ተልጧል፣ ዳር ዳሩ ላይ ግን አሁንም ጸጉር አለው። ይሄን የቸነከረው ራሱ ነው አይደል ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ግንባሬን ስመታ ጊዜ አበራ የቸነከረው ነው አልኳት፣ ጉበኑን ማንሣት አልሆንለት ብሎ። ዓይኗን ከአጎዛው ነቅላ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ አንድ ጠዋት ነው የያዝኩት» አለችኝ። «ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት፣ ከዚያ ለቀቅሁት፣ አለቀ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ አልወቅሰውም። ግን በኖርኩበት ቤት ሁሉ ራሴ የት እንደሚደርስ ዞር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ለአንቺ ቦታውን ለይቶ አጎዛ መቷል። በላይነሽ፣ ለቅሶ የመጣሁ ቀን ይሄን አይቼ ነው ወደ ውስጥ መግባት ያቃተኝ። ቀንቼብሽ ነበር።»

ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነው፣ ግን ደስ አለኝ፤ ለዓመታት በባዶ ሆድ የኖረ ቅናቴ ያን ቀን እንጀራ በላ። ያ አጎዛ እኮ የውርደቴ ምልክት ነበር። አሁን ሌላ ሰው ሲመኘው ጊዜ ዓይኔ ተገልጦ አየሁት፤ ያ ዝምተኛ ሰው ሜትር ሳይዘረጋ፣ እኔን ሳያቆም፣ ራሴ የሚነካበትን ቦታ አንድ ጣት ሳይስት አውቆታል። ጉበኑን ለምን እንዳላነሣ ግን ዛሬም አላውቅም፤ እሷም አታውቅም፤ ለሁለታችንም ሳይነግረን ሄደ።

«እንግዲያው እንካፈል» አልኳት። «መቃኑን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ውሰጂው። ጉበኑን ግን እኔ ነኝ በግንባሬ የተሸከምኩት። ጉበኑን አልሰጥም።»

ተስማማች። እንዲያውም ያንን እንደምል ታውቅ የነበረች ይመስል ነበር። ከመንቀላቸው በፊት አንድ ጊዜ ልቁምበት አለችና ገብታ መሀሉ ላይ ቆመች፣ እጇንም እንደዚያን ጊዜ ግራና ቀኝ አሳረፈች። ከራሷ እስከ ጉበኑ አራት ጣት የነበረው ዛሬ ስንዝር ሞልቷል። ቀና ብላ አይታ «አልቄያለሁ እኮ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የቀረውን መስታወቴን ላመጣ ብዬ እሷን አልፌ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። መስታወቱን ይዤ ጎንበስ ብዬ ስወጣ ክንዴን ያዘችኝ። «ለምንድነው የምትጎነበሺው?» አለችኝ። «አይነካሽም እኮ።»

ምን ትላለች ብዬ ዞርኩ። ደፉ ላይ ቆምኩና ወገቤ የቻለልኝን ያህል ቀና አልኩ። አጎዛው ራሴን እስኪነካኝ ጠበቅሁ። አልነካኝም። እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ፤ በሻሼና በአጎዛው መሀል ጣቶቼ ገቡ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንት ክረምት፣ ስንት ፋሲካ ነው በባዶ የጎነበስኩት? ዳዊትን አየሁት፤ እኔማ ወገብሽን አሞሽ መስሎኝ ነው አለኝ። አብሮኝ የሚኖረው ልጄ ያላየውን፣ እኔ ራሴ ያላወቅሁትን፣ ከሸጎሌ የመጣችው አስቴር በአንድ እይታ አየችው። ነገሩ እንደገና አስቀናኝ። በሕይወቴ ሙሉ ጠላቴ ያልኩት ቁመት ላይ እኔም ወርጄ ደርሻለሁ፤ ቤቱ ሊፈርስ ሲል ለበሩ ልክ ሆንኩ፤ ያንን የነገረችኝም እሷ ሆነች።

መቃኑ በዚያው ዕለት በአይሱዙ ተጭኖ ሸጎሌ ወጣ። ዳዊት አሁን የክፍሏን በር እንዳቆሙላት፣ ጥዱንም በቅባት አሽተው እንዳሳመሩት ሄዶ አይቶ ነገረኝ። ስላማረላት ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ጉበኑ ከነአጎዛው ለጊዜው በተከራየነው ቤት አልጋዬ ሥር ነው፤ የቤት ሠራተኛችን ስትጠርግ ይሄ እንጨት ምን ይሠራል እያለች ታጉረመርማለች።

ባለፈው ሰሞን የፎቁ ብሎኬት በር ከሚቀመጥበት ሲደርስ ዳዊት ይዞኝ ሄደ። አዲሱን የጉለሌን መንገድ፣ መስታወት የለበሱትን ፎቆች፣ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ የተከፈተውን የሞባይል ሱቅ እያየሁ ደረስን። ምድር ቤት የእኔ ክፍል አለች። ግንበኛው ሜትሩን ይዞ፣ እንደ ሌሎቹ እናድርገው ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጄ አባቱን መሰለ፤ ብዙ ሳይናገር ክንዴን ይዞ በሩ በሚሆንበት ክፍተት መሀል አቆመኝና «የእማዬ በር በእማዬ ይለካ» አለ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ የተመኘሁት ነገር ነው። እጆቼን ግራና ቀኝ ብሎኬቱ ላይ አሳረፍኩና ቆምኩ። ግንበኛው ሜትሩን ከአናቴ አሳልፎ፣ አራት ጣት ጨምርበት ስለው ጨምሮ፣ በእርሳስ አሰመረ። ዞሬ አየሁት። ከአሮጌው ጉበን ብዙም አልራቀም።

አጥፋው አልኩት። የገባው መስሎት፣ ሰፋ እናድርገው እማማ አለኝ። አይደለም አልኩት። ቀኝ እጄን ከራሴ በላይ ዘረጋሁ፤ አክሊሉ የነበረበትን፣ ጸጉሬ የቆመበትን፣ ግንባሬ የተላተመበትን ቦታ በአየር ላይ ፈለግሁ፣ አላጣሁትምም።

«እስከዚህ ነበርኩ» አልኩት። «እዚህ ላይ አስምር። አራቱ ጣት ከዚህ በኋላ ነው የሚጨመረው።»